የቆየ ኮሮላ ኤሲና ማሞቂያ፦ ጋዝ ከማስሞላት በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

ኮፋኖ_ክፍት (ክሩን የከፈተው)

«ኤሲዬ አያቀዘቅዝም፣ ጋዝ ማስሞላት ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ዝግ መስመር ውስጥ እየዞረ ይኖራል። ከጎደለ ያፈሰሰበት ቦታ አለ። ካልጎደለ ደግሞ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፣ በላዩ ላይ ጋዝ መጨመር ኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ፓምፕ) መግደል ነው።

እዚህ የምናወራው እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2006 ስለተሠሩ፣ የኤሲ ማዘዣቸው በእጅ ስለሚዞር ኮሮላዎች ነው። አብዛኛው ለቪትዝም ይሆናል።

መጀመሪያ ሞተር አስነሱ፣ ኤሲውን አብሩ፣ ብሎወሩን (አየር የሚነፋውን ማራገቢያ) 2 ላይ አድርጉና ኮፋኖ ከፍታችሁ የኮምፕሬሰሩን ፊት ተመልከቱ። ቺንጊያው የሚያዞረው ፑሌ ኤሲው ቢጠፋም ይዞራል። መታየት ያለበት ከፊቱ ያለው ዲስክ አብሮት መዞሩ ነው።

ዲስኩ ካልዞረ ሞተር አጥፉ፣ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚሄደውን ሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ሞተርና ኤሲውን መልሳችሁ በቴስተር ለኩ። 12 ቮልት ካልመጣ ፊውዝ፣ ሪሌና የግፊት ስዊች ይታዩ። ስዊቹ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2 ባር ገደማ (28 ፒኤስአይ) ሲወርድም፣ ከ31 ባር ገደማ (455 ፒኤስአይ) ሲያልፍም ይቆርጣል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን ማስነሳት ልማድ ሆኗል፤ እባካችሁ ይቅር። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ በሌለበት የሚዞር ኮምፕሬሰር ያለ ዘይት እየተፋጨ ነው።

12 ቮልት መጥቶ ዲስኩ ካልተሳበ ጥፋቱ ኮይሉ (ዲስኩን በማግኔት የሚስበው የሽቦ ጥቅልል) ላይ ወይም በዲስኩና በፑሌው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ኮይሉን በኦም ለኩ፤ ከ3 እስከ 5 ኦም ካነበበ ደህና ነው። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ደህና ከሆነ ወደ ክፍተቱ እንሂድ፣ በእነዚህ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋት እሱ ነውና።

በዲስኩና በፑሌው መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊ ሜትር ነው። ዓመት በቆጠረ ቁጥር ገጹ እየተበላ ይሰፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጠዋት በደንብ ይሠራል፣ ሞተሩ ሲግል ያቋርጣል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ኮይሉ ሲሞቅ ኦሙ ስለሚጨምር የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፣ የሰፋውን ክፍተት መዝጋት ያቅተዋል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሙሉ ኮምፕሬሰር ይገዛል።

ጥገናው ጋዝ አያስወጣም። ሞተር ጠፍቶ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ፣ ዲስኩን እንዳይዞር ይዛችሁ የመሐሉን ቡሎን ፍቱ። ዲስኩ ሲወጣ ዘንጉ ላይ ቀጫጭን ዋሸሮች ታገኛላችሁ። አንዱን ቀንሱ ወይም በቀጠነ ለውጡ፣ ገጹን በአሸዋ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ ዝገቱን አጽዱ፣ መልሳችሁ በ13 ኒውተን ሜትር ገደማ እሰሩ። ከዚያ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ቀጫጭን ብረቶች) ሦስት ቦታ ለኩ። አንዱ ጎን 0.4 ሌላው 0.7 ካለ ዲስኩ ተጣሟል፣ ይለወጥ። ክፍተቱ ከ0.35 በታች ከወረደ ደግሞ ኤሲው ጠፍቶም ዲስኩ ይላተማልና አታጥብቡት።

---

ፒንሳና_ካቻቪቴ

ጥሩ ጀምረሃል ወንድሜ። ስለ ድምፅ ልጨምር። ኤሲው ጠፍቶም በርቶም እኩል የሚያፏጭ ወይም የሚያጓራ ከሆነ የፑሌው ኩሽኔታ ነው፤ ለብቻው ተጎትቶ ይወጣል፣ ኮምፕሬሰር አያስለውጥም። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ በቁጥሩ ግዛ። ኤሲው ሲበራ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ግን የውስጡ ነው። እሱን ቶሎ አቁመው፤ የተፈጨው ብረት ኮንደንሰሩ (ከፊት ያለው የኤሲ ራዲያተር) ውስጥ ከገባ ወጪው እጥፍ ይሆናል። የኮንደንሰሩ ቀዳዳዎች በጣም ጠባብ ስለሆኑ ታጥበው አይጠሩም።

---

ድሬ_38

ከቆላ በኩል አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ «ተሞልቶ» የሚወርደው መኪና ችግር በየሙቀቱ ወቅት አንድ ዓይነት ነው።

የጥገና መጽሐፉ የጌጁ ንባብ ዝቅተኛው መስመር (ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው) ላይ ከ1.5 እስከ 2.5 ባር (ከ22 እስከ 36 ፒኤስአይ)፣ ከፍተኛው (ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው) ላይ ከ13.7 እስከ 15.7 ባር (ከ199 እስከ 228 ፒኤስአይ) ይሁን ይላል። ግን ይህ የሚሠራው የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ሞተሩ 1,500 ዙር ላይ፣ ብሎወሩ መጨረሻው ላይ ሆኖ ነው። አዲስ አበባ በ20 ወይም በ22 ዲግሪ ይህን ቁጥር መጠበቅ ልክ አይደለም። በዚያ አየር ጤነኛ መኪና ከፍተኛው መስመር ላይ 10 ባር አካባቢ ቢያነብ ያለ ነገር ነው። ባለሙያው ግን ጌጁ 15 እስኪደርስ ጋዝ ይጨምራል። ትርፍ ጋዝ ማለት ነው።

ትርፉ ደጋ ላይ አይታወቅም። መኪናው አዋሽን አልፎ 38 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ የከፍተኛው መስመር ግፊት ይወጣል፣ ስዊቹ ይቆርጣል፣ ኤሲው በራ ጠፋ ይላል። የኮምፕሬሰሩ የዘንግ ማኅተም ማፍሰስ የሚጀምረውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በግራም ሙሉ። መጠኑ ኮፋኖ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጌጅ የሚጠቅመው በሽታ ለማወቅ ነው፣ ለመስፈር ሚዛን አለ።

---

አዲስ_ገቢ77

ጥያቄ አለኝ። ቫኪዩም ፓምፑ (ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ከመስመሩ አየር የሚጎትተው) አዲስ ነው፣ ግን ጌጁ 22 ተኩል ኢንች ላይ ይቆማል። መመሪያው 29 ይላል። መስመሩ ያፈሳል ወይስ ፓምፑ ደካማ ነው?

---

ኮፋኖ_ክፍት

አዲስ አበባ ከሆንክ ሁለቱም አይደሉም። ጌጁ የሚያነበው ውጭ ካለው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ከተማው ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው፣ በኢንች ሜርኩሪ ሲሰላ 22 ተኩል። ከዚያ በላይ ሊያነብ አይችልም። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው።

ጊዜውን ግን አታሳጥር። ቢያንስ 45 ደቂቃ ይጎተት፣ በክረምት ብርድ ደግሞ ሞተሩን አስቀድመህ አሙቅ፤ መስመሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ተንኖ የሚወጣው ሙቀት ሲያገኝ ነው። እርጥበት ከቀረ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ፈሳሹን ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፈው) ጫፍ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋል፣ ሲቀልጥ ይከፈታል፤ ኤሲው አሥር ደቂቃ ሠርቶ አምስት ደቂቃ ይሞቃል። ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሲገናኝም አሲድ ይሆናል። መስመሩ ተከፍቶ ከቆየ ድራየሩ (እርጥበት መጣጩ) ይለወጥ።

---

ቴስተር_በእጄ

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር። ቫኪዩም ይዞ መቆየቱ «አያፈስም» ማለት አይደለም፣ እዚህ ከፍታ ላይ በተለይ። የሚፈትነው በ0.76 ባር ልዩነት፣ ያውም ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ደረቅ ናይትሮጅን በሬጉሌተር 10 ባር ሞልተህ፣ የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባህ ፈልግ። ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ ጌጁን እይ።

ኦክስጅን በፍጹም አይሆንም። በያጅ ቤት ሁለቱም ሲሊንደር ጎን ለጎን ስለሚቆም ነው አጥብቄ የምናገረው። ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። የጎማ መሙያ አየርም እርጥበት ያስገባልና ይቅር።

የት ትፈልጋለህ? ዘይት የያዘ ጥቁር አቧራ ያለበት ቦታ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፤ ጋዙ ሲወጣ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። ኮንደንሰሩ ከፊት ስለሆነ ጠጠር ይመታዋል። የኮምፕሬሰሩ ዲስክ ዙሪያ ወደ ኮፋኖው የተረጨ የቅባት መስመር ካለ የዘንጉ ማኅተም ነው። መሙያ አፎቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቫልቮች ከጎማ ካላማዳሪያ ቫልቭ ጋር ይመሳሰላሉ፣ እነሱም ያረጃሉ፤ የፕላስቲክ ክዳናቸው ከጠፋ ግዛላቸው። ኦሪንጉ (የመገጣጠሚያው የላስቲክ ቀለበት) አረንጓዴው ለዚህ ጋዝ የተሠራው ዓይነት ይሁን፣ ስታስገባው በኮምፕሬሰር ዘይት አርሰው። ተራ ጥቁር ላስቲክ ጥቂት ወር ብቻ ይቆያል።

---

ሶማሌ_ተራ_ዕቃ

ያገለገለ ኮምፕሬሰር ለምትገዙ። አፎቹ ተከድነው የቆየውን ምረጡ፤ ክፍቱን ከሆነ የቆየው እርጥበት ጠጥቷል። ዲስኩን በእጅ አዙሩት፣ ሳይይዝ ሳይላላ እኩል ክብደት ይኑረው። ጥቂት ዘይት ነጭ ሶፍት ላይ አንጠባጥቡ። ጥርት ያለ ወይም ቀላ ያለ ቢጫ ከሆነ ይያዝ። ጥቁር ከሆነ ወይም ብርማ ብናኝ ካለው በነፃም አይወሰድ። የፑሌው ቦይ ቁጥርና የማሰሪያው ቀዳዳዎች ከራሳችሁ ጋር ይመሳሰሉ፤ አሮጌውን ይዛችሁ ኑ።

ዘይቱ ለእነዚህ ኮሮላዎች ፓግ 46 ነው፣ በዴንሶ ስም ኤንዲ ኦይል 8 ይባላል። መጠኑ ላይ ብዙ ስህተት አለ። ከአሮጌው ኮምፕሬሰር የወጣውን በመርፌ ሲሪንጅ ለኩ፣ አዲሱ ውስጥም ያንኑ ያህል ተዉ። ኮንደንሰር ከተለወጠ 40 ሚሊ ሊትር፣ ኢቫፖሬተር (ዳሽቦርዱ ሥር ያለው አቀዝቃዥ) ከተለወጠ 40፣ ድራየር ወይም ቱቦ ከተለወጠ 10 ይጨመራል። ዘይት ሲበዛ ኢቫፖሬተሩን ውስጡን ይለብጥና ማቀዝቀዙን ይቀንሳል። የተከፈተ የፓግ ጠርሙስ ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ከቆየ ከአየሩ ውሃ ጠጥቷል፣ አትጠቀሙበት።

---

አዲስ_ገቢ77

አመሰግናለሁ። ጋዙ ራሱ ትክክለኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ? ገበያው ላይ ያለው ሲሊንደር ሁሉ አር 134 ኤ (የእነዚህ መኪኖች የኤሲ ጋዝ) ነው ይላል።

---

ድሬ_38

ሲሊንደሩን ፀሐይ በማያገኘው ክፍል ውስጥ አሳድረው፣ ጠዋት የክፍሉን ሙቀት ለካ፣ ከዚያ ጌጅ ሰካ። ንጹሕ አር 134 ኤ በ20 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ 5 ባር ገደማ፣ 72 ፒኤስአይ ያነባል። በ25 ዲግሪ ደግሞ 5.9 ባር ገደማ፣ 85 ፒኤስአይ። እዚህ ድሬ ዝቅ ስለምንል ንባቡ ትንሽ ያንሳል። በ20 ዲግሪ 7 ወይም 8 ባር ካነበበ ውስጡ ሌላ ጋዝ ወይም አየር አለ፣ መልሰው። የሚቀጣጠል ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ኢቫፖሬተሩ ያለው ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ መሆኑን አስብ። አንዳንድ ቅልቅል ግፊቱን አመሳስሎ ስለሚሠራ ይህ ፈተና ሐሰተኛውን ሁሉ አይዝም፣ ግን ብዙውን ይጥላል።

ይኸው ቁጥር ሌላም ያስተምራል። መኪናው ቆሞ ሳለ ጌጁ 72 ማንበቡ ጋዙ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። መስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ 200 ግራምም 500 ግራምም ያው ንባብ ነው።

---

ዲሲ_ታክሲ

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። መደብር ውስጥ በትንሽ ጣሳ ከሚሸጡት ውስጥ አንዳንዱ ማፍሰስ የሚያቆም ማሸጊያ የተቀላቀለበት ነው። ማሸጊያው አየርና እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፤ መስመሩ በተከፈተ ጊዜ ቫልቭና ኮንደንሰር ውስጥ ሊጋገር ይችላል። ማሽን ያለው ጋራዥም ማሽኑ እንዳይበላሽበት መኪናውን ይመልሳል። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ ጋዙ ብቻ ያለበትን ውሰዱ። ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው፣ የቀረው በማሽን ይሰብሰብ።

---

ቴስተር_በእጄ

ጋዙ ላይ ብቻ ቆየን። ብሎወሩ 4 ላይ ብቻ ነፍሶ 1፣ 2 እና 3 ላይ ዝም ካለ ሬዚስተሩ (የብሎወሩን ፍጥነት የሚቀንሰው) ተቃጥሏል። 4 ላይ ኤሌክትሪኩ ሬዚስተሩን ስለማያልፍበት ነው የሚሠራው። የሚገኘው በተሳፋሪው እግር በላይ፣ ብሎወሩ አጠገብ፣ አየሩ የሚያልፍበት መንገድ ላይ በሁለት ቡሎን ታስሮ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው አየር ነውና።

አዲስ ገጥመህ በወሩ ከተቃጠለ ጥፋቱ ሞተሩ ነው። የብሎወሩ ዘንግ ማረፊያ ሲደርቅ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ሞተሩን አውጥተህ በጣት አሽከርክረው፤ ሁለት ሦስት ዙር በራሱ ካልዞረ አጽዳና ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ስጠው፣ የካርቦን ብሩሾቹ ካለቁ ለውጥ። የካቢን ፊልተሩም ከተዘጋ አየር ስለማያልፍ ሬዚስተሩ ይግላል። ሶኬቱ ቀልጦ ቡናማ ከሆነ እሱም ይቆረጥና ይለወጥ፣ የላላ ሶኬት አዲሱን ያቃጥለዋል። ሬዚስተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን የሙቀት ፊውዝ በሽቦ አትዝለላት። መኪናው እንዳይነድ የምትጠብቀው እሷ ናት።

---

ማሞቂያ_ይሥራ

ስለ ሙቀቱም እናውራ እንጂ። በሐምሌ ጠዋት ማሞቂያ የሌለው መኪና መንዳት ከባድ ነው፣ መስታወትም አይጠራም።

ማሞቂያው ለብ ብቻ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው ቫልቭ) አለ ወይ ነው። «ሞተር ያግላል» ተብሎ ተነቅሎ የተጣለባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ያለ እሱ ውሃው ቶሎ ቶሎ ራዲያተር ውስጥ እያለፈ ይቀዘቅዛል፣ በአዲስ አበባ ብርድ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ማሞቂያ አይኖርም፣ ቤንዚን ይበዛል፣ ሞተሩም ቶሎ ያልቃል። ለእነዚህ ሞተሮች የሚሆነው 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈተው ነው፤ ትንሿ አየር ማውጫ ወደ ላይ ትሁን።

ያኔ ሞተሩ ያገለው ለምን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ የራዲያተሩ ክዳን ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ሆኖ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፈሳሹ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ፣ ውስጡም ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ከ82 እስከ 92 ያለው ርቀት በጣም አጭር ነው። ስለዚህ ክዳኑንና ኩላንቱን አስተካክሉ፣ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ፤ ቴርሞስታቱም ቦታው ይመለስ።

ቴርሞስታቱ ደህና ሆኖ ካልሞቀ፣ ሞተሩ ሲግል በሞተሩና በካቢኑ መካከል ያለውን ግድግዳ የሚያልፉትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ዳስሱ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው ይዞራል፤ ጥፋቱ ከውስጥ ያለው የአየር ማቀላቀያ በር ወይም ገመዱ ነው። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ተዘግታለች ወይም አየር ይዛለች። አየሩን ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫው ከፍ በሚልበት ዳገት ላይ አቁሙ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ፣ ማሞቂያውን መጨረሻ አድርጉ፣ በሚኒሞ እያሠራችሁ አረፋው እስኪቆም ጨምሩ። የጋለ ራዲያተር አይከፈትም።

ከተዘጋች ሞተሩ ሲበርድ ሁለቱን ቱቦ ፍቱና በመውጫው በኩል ወደ ኋላ በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ቀስ ብላችሁ እጠቡ። በመኪና ማጠቢያ ግፊት ከመታችኋት ትቀደዳለች። የኖራ ቅርፊት ካለባት በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውሃ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጣችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩ፣ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። አሉሚኒየም ስለሆነች ከዚያ በላይ አታቆዩ።

---

ፒንሳና_ካቻቪቴ

የበሩን ገመድ ላስረዳ። ማዞሪያውን ቀዝቃዛው መጨረሻ ላይ አድርግ። ዳሽቦርዱ ሥር የገመዱን የውጭ ሽፋን የያዘችውን ክሊፕ አላቅ፣ የበሩን ክንድ በእጅህ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ገፍተህ ያዝ፣ የሽፋኑን ላላነት ጎትተህ ክሊፑን መልስ። አንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት ኤሲው ሲበራ ትኩስ አየር እየቀላቀለ እንዲነፍስ ያደርጋል፣ ሰውም ጋዝ ያስሞላል። ከአየር ማውጫው ጥቁር የስፖንጅ ፍርፋሪ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የበሮቹ ጠርዝ ላስቲክ ተበስብሷል። በሮቹ ያሉበትን የማሞቂያ ሳጥን አውርዶ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ የማይጠጣ ስፖንጅ መለጠፍ ነው መፍትሔው።

---

እናት_መኪና

እህታችሁ ልጠይቅ። በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ይረጥባል፣ መስታወቱም በዝናብ ጊዜ ይጉማል። ከማሞቂያው ነው ወይስ ከኤሲው?

---

ማሞቂያ_ይሥራ

እህቴ፣ በነጭ ጨርቅ ንኪውና አሽትቺው። የሚያጣብቅ፣ ቀለም ያለውና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ኩላንት ነው፣ ትንሿ ራዲያተር አፍስሳለች። መስታወቱ ላይ የሚቀረው ጉም ቅባት ከያዘም እሱው ነው፤ የሚጠፋውን ኩላንት ሳታዪ አትንጂ። ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ ያወጣው ነው፣ መውጫ ቱቦዋ በአፈርና በቅጠል ተዘግታለች። ከመኪናው ሥር በግድግዳው በኩል ትገኛለች፤ ከታች ለስላሳ የፕላስቲክ ሽቦ አስገብቶ መክፈት ነው፣ ብረት አይግባ።

ለጉሙ ኤሲውና ማሞቂያው አንድ ላይ ይብሩ፣ አየሩ ከውጭ የሚገባበት ላይ ይሁን። ኤሲው እርጥበቱን ያወጣል፣ ማሞቂያው የደረቀውን አየር ያሞቃል። ክረምት ላይ ኤሲ አያስፈልግም የሚለው ለዚህ ነው ስህተት የሚሆነው።

---

ሶማሌ_ተራ_ዕቃ

ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ፦ ከላይ ያልኩት ፓግ ለእናንተ አይሆንም። ኮምፕሬሰሩ በከፍተኛ ቮልት ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሌላ ዘይት ነው የሚጠቀመው፣ ለምሳሌ ፕሪየስ ላይ ኤንዲ ኦይል 11። ከፓግ ጋር ከተቀላቀለ መኪናው ኤሌክትሪክ አፍስሷል ብሎ ሥራ ያቆማል። ጌጁና ቱቦውም ለብቻ ይሁን።

---

አዲስ_ገቢ77

የመጨረሻ ጥያቄ። ኮፋኖ ሥር ያለው ወረቀት የለም፣ ኮፋኖው ተለውጧል። ስንት ግራም ልሙላ?

---

ኮፋኖ_ክፍት

የሞዴል ኮዱን ከመታወቂያ ብረቱ ላይ አንብብና ለዚያ ኮድ የተጻፈውን መጠን ከጥገና መጽሐፉ አውጣ። «ኮሮላ ነው» ብሎ መገመት አያዋጣም፤ በእነዚህ ዓመታት የኮንደንሰሩ ዓይነት ስለተለወጠ የጋዙ መጠንም ተለውጧል። ድራየሩ ከኮንደንሰሩ ጎን አብሮ የተሠራበት ከሆነ በመስኮቷ (ጋዙ ሲያልፍ በሚታይባት ትንሽ መስታወት) አረፋ ሲጠፋ «ሞልቷል» አትበል፣ አረፋው የሚጠፋው ገና ሳይሞላ ነው።

መጽሐፉ በምንም መንገድ ካልተገኘ፣ መስመሩን ቫኪዩም አድርገህ በ300 ግራም ጀምር። ሞተሩ 1,500 ዙር፣ በሮች ክፍት፣ ብሎወር መጨረሻ፣ የፊት ማራገቢያው መዞሩን አይተህ። ቴርሞሜትር ከኮንደንሰሩ በሚወጣው ቀጭን ቱቦ ላይ እሰር። ከዚያ 30 ግራም እየጨመርክ፣ በየመሐሉ አምስት ደቂቃ እየጠበቅህ የቱቦውን ሙቀት በከፍተኛው ጌጅ ግፊት ጋዙ ፈሳሽ ከሚሆንበት ሙቀት ጋር አወዳድር። አዲስ አበባ ላይ ከፍተኛው ጌጅ 10 ባር ካነበበ ጋዙ ፈሳሽ የሚሆንበት ሙቀት 42 ዲግሪ ገደማ ነው። ቱቦው 40 ከሆነ ጎድሏል፣ ከ34 እስከ 36 ሲወርድ አቁም። ከዚያ የመሐሉን አየር ማውጫ ለካ፤ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ካገኘህ የሞላኸውን ግራም በማይጠፋ ቀለም ኮፋኖው ሥር ጻፈው።